መጀመሪያ ቁም፣ ከዚያ ጠይቅ

ሰሚራ ስትደውልልኝ ፎርክሊፍት ላይ ነበርኩ፤ ስለዚህ ስልኩን አላነሳሁትም። ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ሹካውን መሬት አስነካሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ነቀልኩ፣ ወርጄ ከቢጫው መስመር ወጣሁ፤ ከዚያ መልሼ ደወልኩ። "ብርቴ፣ አባዬ አረፈ" አለችኝ። ሱብሒ ሰግዶ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀርቷል። ከእንባዬ በፊት የመጣብኝ ሳቅ ነው ብል ሰው ይታዘበኝ ይሆናል፤ እውነቱ ግን እሱ ነው። ሰውዬው ሞቱን እንኳ ያሰማኝ ባስተማረኝ ሕግ አስቁሞ ነው። "መጀመሪያ ቁም፣ ከዚያ ጠይቅ" ይል ነበር። ቆምኩ፣ ጠየቅኩ፣ ሰማሁ። ከዚያ የመጋዘኑን ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ጋሽ ሙሄ ይባላል። ሙሉ ስሙ መሐመድ ነው፤ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ግን በሙሉ ስሙ የሚጠራው ከሐኪሞቹ በቀር ሌላ ሰው አላውቅም። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። አጭር፣ ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ ከቁመቱ ጋር የማይመጣጠን ሰው ነበር። እኔ በዲቪ መጥቼ ከከተማው ዳር፣ ኦቤትስ ያለው መጋዘን ስቀጠር እሱ ግቢው ውስጥ ይሠራል፤ ረጃጅሞቹ ተሳቢዎች ወደ ኋላ ሲመጡ በእጁ ምልክት እየመራ በሩ ላይ የሚያስጠጋቸው እሱ ነው። "አገር ቤት ረዳት ነበርኩ፣ እዚህም ረዳት ነኝ" ይለኝ ነበር። "ልዩነቱ እዚህ ሾፌሩ አይሰድበኝም። ቢሰድበኝም በእንግሊዝኛ ስለሆነ አያመኝም።"

እኔን ከሱ ሥር መደቡኝና መጀመሪያ ያስተማረኝ ምልክት "ቁም" ነው። ሁለት እጅ ከራስ በላይ ይነሳና ይጣመራል። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ኮልፌ ነው ያደግሁት፤ ታላቅ ሰው ፊት እጄን አንስቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ልምምድ ስናደርግ እሱ ሾፌር ሆኖ ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔ ላስቆመው ነው።

"ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ይቁሙልኝ" አልኩት።

በሳቅ ፈረሰ። "እባክዎ ብለሽ፣ ትንሽ ብለሽ፣ ይቁሙልኝ ብለሽ! እኔ እኮ እስካሁን ሰው ጨፍልቄ ጨርሻለሁ። ለሰርግ አይደለም የምትጠሪኝ። ቁም በይኝ።"

"ቁም" አልኩ በለሆሳስ።

"እንደ ጠላትሽ!"

"ቁም!"

"እንዲህ ነው። ከእንግዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ አንቱ እንዳትዪኝ።" ጋሼ ማለቱን አልተውኩም፤ አንቱታውን ግን ተውኩ። መጀመሪያ መጀመሪያ አፌን ይይዘኝ ነበር፣ ኋላ ለመድኩት።

መጋዘኑ ግን የእንጀራ ነገር ነው። የጋሽ ሙሄ ሕይወት ቅዳሜ ነበረች። ከኦቤትስ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ሰፊ ሜዳ አለ፤ በሙቀቱ ወራት የድሮ የጦር መኪኖች ትርኢት ይደረግበታል። ጂፖች፣ አምቡላንሶች፣ ባለ ስድስት እግር ካሚዮኖች፣ አንዳንዴም በሰንሰለት የሚሄዱት ይመጣሉ። ባለቤቶቻቸው አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ፈረንጆች ናቸው። መኪናቸውን ሲወለውሉና ሲያሽሞነሙኑ ላያቸው፣ ሚስቶቻቸው እንዴት አይቀኑም ያሰኛል።

እንዴት እንደገባበት ሚስተር ዴል የሚባለው ወዳጁ በየዓመቱ ያወራው ነበር። ዴል የአንዲት ባለ ስድስት እግር ካሚዮን ባለቤት ነው። ጋሽ ሙሄ በመንገድ ሲያልፍ ያቺን ካሚዮን ያያል፤ በወጣትነቱ ኮምቦልቻ፣ የጦር ሠራዊቱ ግቢ ውስጥ ረዳት ሆኖ የሠራባት ዓይነት ናት። መኪናውን ጥግ አስይዞ ይወርዳል። ሜዳው ያዘነብላል፣ ካሚዮኗ ጎማ ሥር ደግሞ ታኮ የለም፤ መኪና እንዳይንሸራተት የሚወሸቀው እንጨት ማለቴ ነው። ሰላምታ ሳይሰጥ ከአጥሩ ሥር ጉማጅ አንስቶ ጎማው ሥር ይወሽቃል። ዴል ከመኪናዋ ጀርባ ብቅ ብሎ "ካን አይ ሄልፕ ዩ?" ይለዋል። ጋሽ ሙሄም ቀና ብሎ፣ "ኖ" አለው፣ "አይ ሄልፕ ዩ።" ከዚያ ወዲያ አልተለያዩም። ዴል "ቦስ" እያለ ይጠራዋል። ከአማርኛ የሚያውቃት ቃል ደግሞ አንዲት ብቻ ናት፤ "ቁም" ናት።

እዚያ ሜዳ ላይ መኪና ሲንቀሳቀስ ከፊቱ ሁለት መሪዎች ይሄዳሉ። አብሮት የሚመራው ባልደረባው ከከተማው ሲለቅ፣ ጋሽ ሙሄ "ቅዳሜ ነይ፣ ትርኢት አለ" አለኝ። ትርኢት ሲለኝ ጊዜ እኔ ተኳኩዬ፣ ተረከዙ የሚረዝም ጫማ አድርጌ ሄድኩ። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ "ታኮ እንደሚያስፈልገን በምን አወቅሽ?" አለኝ። ከመኪናው ኋላ የልጁን የሰሚራን አሮጌ ስኒከር አውጥቶ ሰጠኝ። ሰፋኝ፤ ቀኑን ሙሉ እሱን እየጎተትኩ ዋልኩ።

ቢጫ ሰደርያውን አጥቦ ተኩሶ ነው የሚለብሰው። ፊሽካው አንገቱ ላይ ነው። ጠዋት መኪኖቹ ሲደረደሩ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ታኮዎቹን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ ይፈትሻል። የእያንዳንዷ ታኮ ገመድ የመኪናው መሪ ላይ ይታሰራል፤ ሾፌሩ ሳያነሳት እንዳይሄድ ነው። ገመዱ የታሰረበትን መኪና ሞተር ለማስነሳት የሞከረ ሰው ከጋሽ ሙሄ ቁጣ አያመልጥም። ካሚዮን ላይ ለሚወጣ ሰው ሁሉ ደግሞ "ቀለበት!" ይላል። ከላይ ሲዘሉ ቀለበት ብሎን ላይ ከተያዘ ሰውየው ይወርዳል፣ ጣቱ ይቀራል። ዴል የጋብቻ ቀለበቱን በክር አስሮ አንገቱ ላይ ማንጠልጠል የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ሚስቱ መጀመሪያ ከፍቷት ነበር አሉ፤ ጋሽ ሙሄ ጣት ያለው ባል ይሻልሻል ብሎ አሳቃት።

"እነዚህ መኪኖች ጡረታ ወጡ እንጂ አልሞቱም" ይለኝ ነበር። በመኪኖቹ ዙሪያ የተወጠረውን ገመድ አልፈው ለሚገቡ ወላጆች የሚላት ደግሞ ሌላ ናት፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ቀስ አድርጎ ነው የሚነግራቸው። ልጃችሁ መኪናዋን ያያታል፣ መኪናዋ ግን ልጃችሁን አታየውም፤ ስለዚህ በእሷ ፈንታ የማየው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሾፌሮቹን ሰብስቦ ሲናገርም ከሁሉ አስበልጦ የሚያነሳት ነገር አለችው። መሪው ካስቆማችሁ ለምን አትበሉ፤ መጀመሪያ ቁሙ፣ ከዚያ ጠይቁ። በከንቱ አስቁሟችሁም ከሆነ፣ "ሴይ ታንክ ዩ" ይላቸዋል። ፈረንጆቹ ይስቃሉ። እሱ አይስቅም።

ሐበሻው የማይረሳለት ግን የሙሽሮቹን ነገር ነው። ከሜዳው አጠገብ ባለው ፓርክ ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሙሽሮች ነበሩ፤ ያገሬ ልጆች፣ አጃቢዎቻቸው መኪና ሙሉ። ሙሽሪት የዴልን ካሚዮን ከሩቅ ስታይ ልቧ ሄደ። በቬሎዬ ላይዋ ላይ ቆሜ ፎቶ ካልተነሳሁ አለች። ሚዜው እየሮጠ መጣ።

"ጋሼ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ትውጣ።"

"በሞትህ አትለምነኝ" አለው ጋሽ ሙሄ። "እዚህ ሜዳ ላይ ሞት ቅርብ ነው።"

ሚዜው ተመለሰ። ጥቂት ቆይተን ስናይ ሽማግሌ ልከውበታል! ሱፍ የለበሱ ሦስት አዛውንቶች ሣሩን በቀስታ እየረገጡ መጡና ኮፍያቸውን አውልቀው ተሰለፉ። ዴል ምን እየሆነ እንደሆነ አልገባውም፤ እሱም ኮፍያውን አወለቀ። የሽማግሌዎቹ መሪ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጃችን በዚህች ቀን ቅር እንዳይላት፣ አባት ሆነህ ፍቀድልን፣ እኛንም አታሳፍረን አለ። ጋሽ ሙሄ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ፣

"አባቶቼ፣ ሴት ልጅ ልትለምኑኝ መጥታችሁ ቢሆን እሰጣችሁ ነበር" አላቸው። "ሰሚራም አላገባችም፣ ደስ ይላት ነበር። ይቺን ግን አልሰጥም።"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሳቁ። እሱ ግን ሲስቁ ጠብቆ ምክንያቱን ዘረዘረላቸው፤ ቬሎው ከጋለው የጭስ መውጫ ማርሚታ ጋር ቢነካካ ይቃጠላል፣ ጫማዋ ብረት ላይ ያዳልጣታል፣ ቀለበቷ ገና ዛሬ የገባ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል አላቸው። ከዴል ጋር ተነጋግሮ መኪናዋ እስክትቀዘቅዝ አስጠበቃቸው፤ ታኮዎቹን እንደገና ፈትሾ የዙሪያውን ገመድ በአንድ በኩል ከፈተ። ሙሽሪት መሬት ላይ ቆማ እጇን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ቬሎዋ ነፋስ ሲወስደው ጋሽ ሙሄ ከነቢጫ ሰደርያው ጫፉን ይዞ እንደ ሚዜ ቆመ። ፎቶው ላይ አለ፤ ሰሚራ በትልቁ አሳትማ ሰቅላዋለች። ከአጃቢዎቹ መካከል "ምን ዓይነት ደረቅ ሽማግሌ ነው" ያሉም አልጠፉም፤ ሰምቷቸዋል።

ያን ቀን መኪናውን እኔ እየነዳሁ ስንመለስ ሰደርያውን አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ "ሽማግሌ ሲለምነኝ እንቢ ማለት የሚቀለኝ መሰለሽ?" አለኝ።

"አይ፣ ትወደዋለህ" አልኩት ላበሽቀው።

አልሳቀም። የሰይድን ነገር የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ሰይድ አብሮ አደጉ ነው፤ ኮምቦልቻ አንድ ካሚዮን ላይ ሁለቱም ረዳቶች ነበሩ። ሾፌሩ እንደ አባት የሚፈሩት ትልቅ ሰው ነው። አንድ ጠዋት ሙሄ መኪናውን ሳያስፈልግ ያስቆመዋል፤ ጥላ አይቶ ሰው መስሎት ነው። ሾፌሩ በሰው ፊት "አንተ ነህ እኔን መንዳት የምታስተምረኝ?" ብሎ ያዋርደዋል። ያንኑ ዕለት ከሰዓት ካሚዮኗ ወደ ኋላ ስትመጣ፣ ሰይድ የተንከባለለ በርሜል ሊያነሳ በመኪናዋና በግንቡ መካከል ይገባል።

"አየሁት፣ ብርቴ" አለኝ። "አላየሁም ብልሽ ውሸት ነው። እጄን አነሳሁ፣ እዚህ ደረቴ ላይ ስትደርስ ቆመች። አሁንም ጥላ ቢሆንስ አልኩ። ደግሞ ብዋረድስ አልኩ። ያቺን ታህል ነው ያሰብኩት። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ።"

ሰይድ አልዳነም። ጋሽ ሙሄ እጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ የመኪናውን መስኮት ሲያይ ቆየ። እኔ መንገዱን እያየሁ ነዳሁ። ወደ ቤቱ የሚያስወጣውን መታጠፊያ ሳላስተውል አልፌው ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቅዳሜዎች አለፉ። ጋሽ ሙሄ ከመጋዘኑ ጡረታ ወጣ፤ ሜዳውን ግን አልተወም። በአንዱ የበረዶ ክረምት ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር ያለው አፓርታማው ሄጄ ሻይ እየጠጣን፣ በግራው ያለውን ብርጭቆ በክርኑ ደፋው። "ጠረጴዛው ነው የተንቀሳቀሰው" አለ። ሳቅን። በሚቀጥለው ጊዜም ደፋው። በሦስተኛው አልሳቅሁም። በግራው ሆኜ ስጠራው መላ አንገቱን፣ አንዳንዴም ትከሻውን አዙሮ ነው የሚያየኝ። ዓይኑ ወደ ፊት እንደ ድሮው ነው፤ በግራ ጎኑ ያለውን ግን አያይም።

ሰሚራ ደወለችልኝ። ሕፃን ሆና ነው የመጣችው፣ ሲጨንቃት አማርኛው ይጠፋባታል። "ግላኮማ ነው። ዶክተሩ ነግሮታል፣ ሂ ጀስት ዳዝንት ሊስን። የመኪና ቁልፉን ወሰድኩበት፣ ሰጠኝ። ግን ፊሽካውን ስጠኝ ስለው ተቆጣ፣ ላይክ፣ ሪሊ ተቆጣ። ብርቴ፣ አንቺን ይሰማሻል። ፕሊስ፣ ንገሪው።"

እሺ አልኳት። እሺ ማለት ቀላል ነው። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ እሄዳለሁ፣ ሰደርያውን ሲተኩስ አገኘዋለሁ፣ አፌ ይታሰራል። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ብነግረው በሳምንት አንዲት የቀረችውን ቀን እወስድበታለሁ። ያቺን ቀን ከወሰድኩበት ያ አፓርታማና ቴሌቪዥን ነው የሚቀረው። ባልነግረው ደግሞ አንድ ቀን በግራው በኩል ሰው ይገባል። ይህን ሁለቱንም አውቃለሁ፤ እሱም የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ስንፈራራ ክረምቱ አልቆ፣ ፀደይ አልፎ፣ ትርኢቱ ደረሰ።

ትርኢቱ ሲያበቃ መኪኖቹ በሰው እርምጃ ሜዳውን አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ ሰው በሁለቱም በኩል ከገመዱ ጀርባ ቆሞ ያጨበጭባል። የዴል ካሚዮን መጀመሪያ ናት። ጋሽ ሙሄ ከፊቷ ወደ ራሱ ግራ ጠጋ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ዴል አዙሮ፣ ወደ ኋላው እየረገጠ ይመራል፤ ሣሩ ሜዳ ስለሆነ ነው እንጂ ይህንንም ራሱ ይከለክል ነበር፣ እሱን ግን ማን ተው ይለዋል። እኔ በሱ ቀኝ በኩል ነኝ። ጋቢናዋ ከፍ ያለ፣ ኮፈኗ ረጅም ስለሆነ ዴል ከአፍንጫዋ ሥር ያለውን አያይም። የሚያየው የጋሽ ሙሄን እጆች ብቻ ነው። እጆቹ "ና፣ ና፣ ና" ይላሉ።

ካሜራ የያዘ ሰውዬ በጋሽ ሙሄ ግራ በኩል ከገመዱ ሥር ሾልኮ ገባ። መኪናዋን ከታች ወደ ላይ ሊያነሳት ነው መሰለኝ፣ ሣሩ ላይ በጉልበቱ ተንበረከከ። ጎማው ወደሚመጣበት ነው የተንበረከከው። ጋሽ ሙሄ ጎኑ ነው ያለው፣ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። እጆቹ ግን አሁንም "ና፣ ና" ይላሉ።

እጄ ተነሳች። ደረቴ ላይ ስትደርስ አንድ አፍታ ቆመች። እውነቱን ነው የምናገረው፣ ቆመች። ወዳጆቹ ሁሉ እያዩ ነው። አስቁሜው አላየም ማለት ነው፣ አላየም ማለት ደግሞ ከእንግዲህ አትምጣ ማለት ነው። ይህ ሁሉ እንዴት በዚያች አፍታ ውስጥ እንደገባ አላውቅም። ከዚያ እጆቼን ከራሴ በላይ አጣመርኩና ሳንባዬ እስኪቀደድ ጮህኩ፤ "ቁም!"

ዴል ቆመ። ካሚዮኗ ነቀነቀችና ረጋች። ጋሽ ሙሄም እጆቹን አየር ላይ እንዳደረገ ቆመ። ሰውዬው ፎቶውን አነሳ፤ ጎማው ፊቱ ላይ ደርሶ እንደነበር እንኳ አላስተዋለም። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ፣ በአውራ ጣቱ አመሰገነን፣ ከገመዱ ሥር ወጥቶ ሄደ።

"ወት ኢዝ ኢት፣ ቦስ?" አለ ዴል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

"ሺ ሴድ ስቶፕ" አለ ጋሽ ሙሄ።

ከዚያ ቀስ ብሎ መላ አንገቱን ወደ ግራ አዞረ። የሚሄደውን ሰው ጀርባ አየ። ሣሩ ላይ የጉልበቶቹን ምልክት አየ፤ ከዚያ ጎማውን አየ። ለምን አላለኝም። ሰደርያውን አወለቀና አራት አድርጎ አጥፎ ለዴል በመስኮት አቀበለው። ፊሽካውን ከአንገቱ አውጥቶ አንገቴ ላይ አደረገው፣ የራሱ ላብ ነበረበት። "ምሪው" ብሎኝ ከገመዱ ጀርባ ገባ። የቀረውን ዙር እኔ መራሁ። ሰው ያጨበጭባል፤ እኔ ሰው ሲያጨበጭብ እንደዚያን ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ወደ ቤት ወሰድኩት። ሲወርድ፣ "መንገዱ ያዘነብላል፣ የእጅ ፍሬን ሳትይዢ እንዳትወርጂ" አለኝ። ይኸው ነው። ተቀይሞኛል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላልኝ አለ። ቅዳሜ ግን ራሱ ደውሎ ውሰጂኝ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ይመጣ ነበር፤ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ከገመዱ ጀርባ ይቀመጣል። ገመዱን ሊያልፍ የሚሞክር ሰው ሲሰማ "ባክ፣ ባክ፣ ማይ ፍሬንድ" ይላል። እኔ ስመራ ከሩቅ ያየኛል። ስለዚያ ቀን አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሳሁበትም።

ከማረፉ በፊት በነበረው ሳምንት ፒከሪንግተን፣ ሰሚራ ቤት ሄጄ ነበር፤ ከዋይንላንድ ፓርክ አምጥታ እሷ ዘንድ ካኖረችው ቆይቷል። በቀኝ ዓይኑ ትንሽ ብርሃን ነበር የቀረው። ሰሚራ ለሁለታችን ሻይ አምጥታ ወደ ኩሽና ተመለሰች። እኔ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ አዲሱ ሱፐርቫይዘር ሳወራው፣

"ብርቴ" ብሎ አቋረጠኝ። "አሁን ልጠይቅሽ። እንግዲህ መቼም ቆሜያለሁ፣ ብዙ ቆየሁ።"

"ጠይቀኝ፣ ጋሼ።"

"አለማየቴን ታውቂ ነበር አይደል? ከዚያ ቀን በፊት።"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አፈርኩ" አልኩት። "አንተን እንዴት ብዬ ነው ከእንግዲህ ይብቃህ የምልህ? ሰሚራ ስትለምነኝ ከረመች። እየመጣሁ፣ ሻይ እየጠጣሁ እመለሳለሁ።"

"እኔም አፍሬ ነበር" አለኝ። "ይነግሩኝ ይሆናል እያልኩ እጠብቃለሁ፣ ደግሞ እንዳይነግሩኝ እፈራለሁ።" ትንሽ ሳቀ። "ሁለት ፈሪ በአንድ መኪና ፊት።"

"ተቀይመኸኝ ነበር?"

"አንቺን?" ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። "እጅሽን አይቻታለሁ እኮ። በቀኝ በኩል ነበርሽ፣ በቀኝ አያለሁ። ደረትሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ያቺን ቦታ እኔ አውቃታለሁ፣ ብርቴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እዚያች ላይ ነው የኖርኩት። ያ ሰውዬ መግባቱን ገና አላወቅኩም፤ አንቺን ሳይ ግን አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ወይኔ፣ ይቺም እንደኔ ልትቀር ነው አልኩ። ከዚያ ወጣች። ከራስሽ በላይ ወጣች።"

እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ቀስ ብሎ እስከ ራሱ ድረስ አነሳት፤ ትከሻውን ያመው ስለነበር እዚያ ለማድረስ ጊዜ ወሰደበት።

"ሰይድ የወጣ መሰለኝ" አለኝ። "ከመኪናዋና ከግንቡ መካከል፣ በርሜሉን ይዞ፣ እየሳቀብኝ የወጣ መሰለኝ። ታንክ ዩ ሳልልሽ ነው እስካሁን የቆየሁት።"

ሻዩ በግራው ነበር የተቀመጠው፤ አነሳሁና በቀኙ፣ እጁ በምትደርስበት ቦታ አስቀመጥኩለት።